መቆያ ምስል

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው ሲገናኝ «እንደምን አደርክ» መባባል ከቀረ ቆይቷል። የሚባለው «ውስጥህ እንዴት አደረ?» ነው። መልሱም «ያበራል፣ ተመስገን» ነው። ሁለት ሴቶች ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ወሬያቸው የጉበት ነው፤ የአንዷ ጠዋት ወርቃማ ሆኖ ታይቷል፣ የሌላዋ ደብዘዝ ብሎባት ቁርስ አልበላላት ብሏል። ሽማግሌዎች ልጅ ለመጠየቅ ሲሄዱ የሙሽራውን የልብ ምስል ይዘው ይሄዳሉ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ በቃሉ ይወጣዋል፤ በየጠዋቱ ፊቱን ሲታጠብ መስታወቱ ላይ ሲሠራ ስለሚያየው ነው። ከምስሉ ሥር ደግሞ «በጽዳል የታደሰ» የሚል ጽሑፍ ቀስ ብሎ ያልፋል። ጽዳል የመድኃኒቱ ስም ነው። ትምህርቱ የት ላይ አብቅቶ ማስታወቂያው የት ላይ እንደሚጀምር የሚጠይቅ ሰው ካለ ወይ በጣም ያረጀ ነው፣ ወይ ነገረኛ ነው።

ማስተዋል ኢዮስያስ ሁለቱንም አልነበረችም። እንዲያውም እንጀራዋ ከዚያው ነው። «ውስጠ ብርሃን» በሚባለው ምስል ቤት ተቀጥራ የሰውን ሆድ ዕቃ ትሥላለች፤ የምትሥለውም ይንቀሳቀሳል፣ ይተነፍሳል፣ ይፈስሳል። ሰው ጎኑ ላይ የሚለጥፈው ልጥፍ ከውስጥ ያነበበውን ይልካል፤ የእሷና የባልደረቦቿ ሥዕል ያንን ንባብ ሥጋና ቀለም ያለብሰዋል። ሐኪም ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ መድኃኒት ሻጩም የሚገዛው ከዚያው ነው። ሰው የገዛ አካሉን አይቶ ሲደሰት የማይደሰት ሠዓሊ የለም። እሷም ደስ ይላት ነበር፣ እስከዚያ የጥቅምት ቅዳሜ ድረስ።

ያን ዕለት የመጣችው አባቷን ሠርግ ልትወስደው ነው። አቶ ኢዮስያስ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የእሱ ዘመን ወንዶች ስማቸው ሁሉ ኢዮስያስ፣ ናታን፣ ባሮክ ነው፤ ገና ሲጠሩ የጡረተኞች ስብሰባ የተከፈተ ይመስላል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ስለሚኖር የመታጠቢያ ቤቱን በር አይዘጋም። ማስተዋል ሥራ ይዟት ሰንብታ ነበርና ገና ከመግባቷ ጠራት።

«ማስቲ፣ ነይ እይልኝ! ዛሬ ደግሞ እንዴት እንዳማረባት!»

መስታወት ይባላል እንጂ ፊት አይታይበትም። ምስሉ ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። አባቷ ጢሙን የሚላጨው በዳሰሳ ነው፤ ጉንጩ ላይ ምላጭ የሳታቸው ነጫጭ ጸጉሮች መቅረታቸውን የሚነግረው ሰው የለም። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ አንድ እግሩ በካልሲ ብቻ እንደሆነ ቆሞ ነበር። ከፊቱ ኩላሊቱ ታበራለች። ደሙ ቀልቶ ይገባል፣ እንደ ክር ጥቅል በተጠማዘዙት ጥቃቅን ሥሮች ውስጥ ይዞራል፣ ጠርቶ ይወጣል። ከሥር ንጹሕ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል።

ማስተዋል መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ማን ሠራው ብላ ሳታስብ የሰው እጅ ሥራ ማማሩን ነበር ያየችው። ቀጥሎ ግን ዓይኗ ወደ ታች ግራው ጥግ ሄደ። እዚያ ካሉት ጥቅሎች በአንዱ ላይ አንዲት ክር ከሥር ማለፍ ሲገባት ከላይ ትሻገራለች። ያቺን ክር ታውቃታለች። ሥራውን ካስረከበች በኋላ ያየቻት የራሷ ስሕተት ናት።

በምስል ቤቱ ቋንቋ እንዲህ ያለው ሥራ «መቆያ» ይባላል። ልጥፉ የላከው ንባብ እስኪደርስ ድረስ መስታወቱ ባዶ እንዳይሆን ጥቂት ትንፋሽ ያህል የሚታይ ነገር ነው። አዲስ ለሚገባ ሠዓሊ መጀመሪያ የሚነገረው መቆያ እንዳያሳምር ነው። ግራጫ ይሁን፣ ደረቅ ይሁን፣ የሚያየው ሰው እየጠበቀ መሆኑን ይወቅ። ማስተዋል ገና ስትቀጠር ሌላ ሥራ አምኖ የሰጣት ሰው ስላልነበረ ያላትን ሁሉ መቆያው ላይ አፈሰሰችው። ልጅ ሳለች አባቷ ከፋብሪካ የሚያመጣላትን ቁርጥራጭ የሱፍ ክር ትጠቀልል ነበር፤ የኩላሊትን ሥሮች ስታይ ያ ክር መጣባት፣ ያንኑ ሣለችው። አለቃዋ ወይዘሮ ሶልያና ብዙ አይተው «ይለፍ» አሉ። አለፈ።

«እንዲህ ከሆነች ስንት ጊዜ ሆናት አባዬ?»

«ከክረምት በፊት አንድ ሰሞን ጠቆር፣ ደፍረስ ብላ ታስፈራራኝ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ስነሣ ጽድት ብላ ጠበቀችኝ። ጽዳል ነው ያዳነኝ።»

ማስተዋል ከመስታወቱ ወደ አባቷ ዞረች። የዓይኖቹ ቆብ ተነፍቷል። የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ጠፍቷል። ጫማውን በእጁ የያዘው ሊያጠልቀው ሞክሮ እምቢ ስላለው ነው።

«ይሄ ያንተ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ኩላሊቱ።»

አባቷ ሳቀ። «በእኔ መስታወት ላይ የማን ሊሆን ነው? የጎረቤት ኩላሊት መንገድ ስታ መጣች እንዴ?»

«የማንም አይደለም። ልጥፍህ መላክ አቁሟል። ይሄ ንባቡ እስኪመጣ የሚታይ ሥዕል ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«አንቺ?»

«አዎ።»

ይደነግጣል ብላ ጠበቀች። ፊቱ ግን በኩራት በራ። «ያ የፋብሪካው ክር! እኔ እኮ ይሄን ነገር የት ነው የማውቀው እያልኩ ጠዋት ጠዋት ራሴን አደርቅ ነበር!» ጫማውን አስቀምጦ ትከሻዋን አቀፈ። «አንቺ የሠራሽው ከሆነማ እንዴት ይዋሻል ልጄ?»

ክርክሩ ሠርጉን በላው። በመጨረሻ «ለእኔ ስትል» ስላለችው ብቻ፣ በነጠላ ጫማ፣ ክራቫቱን እንዳሰረ፣ አኩርፎ ተከትሏት ሐኪም ቤት ሄደ።

ዶክተር ያፌት ወጣት ሐኪም ነው። ስሟን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጣት። «ኩላሊትን የተማርኩት ከእርስዎ ሥራ ነው። ክፍሉ ሁሉ እኮ ነው ያጨበጨበው» አላት። አባቷ ጎን ለጎን ተቀምጦ አንገቱን ነቀነቀ፤ ኩርፊያው ትንሽ ለቀቀው። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ የአቶ ኢዮስያስን ቅልጥም በአውራ ጣቱ ተጫነ። ጣቱን ሲያነሣ ጎድጎድ ያለው ቦታ እንደጎደጎደ ቀረ። ዶክተር ያፌት ያንን ቦታ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ምስሉን ከፈተ።

«ምስሉ ጤነኛ ነው።»

«ምስሉ የእሱ አይደለም አልኩዎት እኮ ዶክተር። ደሙን ይመርምሩልን።»

«የደም ምርመራ የሚያዝዘው ምስሉ ነው እህቴ። ምስሉ ያልጠየቀውን እኔ ባዝዝ ላቦራቶሪው አይቀበለኝም።»

«አዲስ ልጥፍ ይሰጠውና እንየው።»

«የልጥፍ ብልሽት የሚያመለክተው መስታወቱ ነው።»

«መስታወቱ እኮ መቆያ እያሳየ ስለሆነ ብልሽት መኖሩን አያውቅም።»

«እንግዲያው ብልሽት የለም ማለት ነው» አለ ዶክተር ያፌት። ያለውን ነገር ራሱም ሳይሰማው አልቀረም፤ ጆሮው ቀላ። ቶሎ ብሎ ወደ አባቷ ዞረ። «አባባ፣ ብዙ ይቆማሉ እንዴ? ጨው ያበዛሉ?»

«ሠርግ ላይ ልቆም ነበር፤ እሷ አስቀረችኝ እንጂ» አለ አባቷ።

ሲወጡ ሐኪሙ እስከ በሩ ሸኛቸው። ቤት ሲደርሱ አባቷ «ሰው ፊት አሳፈርሽኝ» አላት።

ሰኞ ጠዋት ማስተዋል የወይዘሮ ሶልያናን ክፍል አንኳኳች። የሚክዱ መስሏት መረጃዋን አዘጋጅታ ነበር የገባችው። እሳቸው ግን አልካዱም፤ ወንበር ሳቡላት።

«መጀመሪያ ላይ ልጥፍ ሲሞት መስታወቱ ባዶ ይሆን ነበር» አሉ። «ባዶ መስታወት ያየ ሰው ሁሉ የሞተ መሰለው። በፒጃማው እየሮጠ ሐኪም ቤት የሚሄደው ሰው መንገድ አጣበበ። ጽዳልን የሚሸጡት ሰዎች በቀን በቀን ይደውሉልኝ ነበር። ያንቺ መቆያ ደግሞ እዚሁ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ትንሽ እናቆየው አልን። ብታምኝም ባታምኝም፣ እውነተኛውን ምስል ከሚያዩት ይልቅ በሥራቸው የሚበረቱት፣ በደንብ የሚተኙት እሱን የሚያዩት ሰዎች ናቸው። እኔ ምን ላድርግ ማስተዋልዬ?»

«ስንት ሰው ነው እሱን እያየ ያለው?»

ወይዘሮ ሶልያና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ብዙ።»

«አባቴ እየሞተ ነው።»

«እሱን እኔም አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም» አሉ፤ ክፋት አልነበረበትም፣ የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። «ልጥፉን አስቀይርልሻለሁ። ተራ አለ፤ ከጥምቀት በኋላ ይደርሰዋል። እስከዚያ ይሄ ወሬ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ። ደግሞ ጥፋተኛ የምትፈልጊ ከሆነ ሩቅ አትሂጂ። እንደ ደንቡ ግራጫ አድርገሽው ቢሆን ማንም እንደ እውነት አይቀበለውም ነበር።»

ይሄ እውነት ነው።

ያን ዕለት ዕቃዋን ሸክፋ አባቷ ቤት ገባች። አብራው ስትውል ስታድር ነገሩ ተገለጠላት። ምግብ አይቀምስም፤ ብረት ብረት ይለኛል ይላል። ጋደም ሲል ትንፋሽ ስለሚያጥረው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋል። ክንዱን ያለማቋረጥ ያካል። ጠዋት ግን ተነሥቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ መስታወቱ ፊት ይቆማል፤ እዚያ ሲደርስ ወገቡ ይቃናል። «ያበራል፣ ተመስገን» ይላል። ሕመሙን እርጅና ነው ይለዋል። እርጅና ደግሞ መስታወት ላይ አይታይም።

«አባዬ፣ በእግዚአብሔር! እግርህን እይ፣ ሆድህን እይ። ዓይንህ ለምን ሥዕል ብቻ ያምናል?»

አባቷ የመለሰላት ያልጠበቀችውን ነው። «ማስቲ፣ እሷን ተይልኝ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ጠዋት የምነሣላት እሷ ናት። ዛሬ ደግሞ እንዴት አምራ ይሆን ብዬ ነው ከአልጋ የምወርደው። አንቺ የሠራሽው መሆኑን ሳውቅማ...» ቃሉን አልጨረሰውም። ማስተዋል ወጥ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ አለቀሰች። የሠራችው ነገር አባቷን እየገደለው ነው፤ አባቷም ስለወደደው እያመሰገናት ነው።

በምስል ቤቱ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ሠዓሊ ከቤቱ እስኪለቅ ድረስ የራሱን ሥራ በፈለገ ጊዜ ከፍቶ ማረም ይችላል፤ ማንንም አያስፈቅድም። «እጅ መመለስ» ይሉታል። ሁሉም ቅጂ የሚወጣው እናት ምስል ከሚባለው ከአንዱ ሥራ ነው፤ እናቲቱ ላይ የተደረገ እርማት በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መቆያውን የሚያሳዩት መስታወቶች ሁሉ ላይ ይደርሳል። ለአባቷ ብቻ የሚሆን ቅጂ የለም። የእሱን ከነካች የሁሉንም ነካች ማለት ነው። ይሄን እያወቀች ነው ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት የሥራ ክፍል፣ መቆያዋን የከፈተችው።

መጀመሪያ ያሰበችው የታመመ ኩላሊት ለመሣል ነበር። አባቷ አንድ ጠዋት ጠቁሮ ካየው ይደነግጣል፣ ምስሉም ራሱ ምርመራውን ያዝዛል። ጥቅሎቹን አጠወለገች። ክሮቹን በጣጠሰች። ደሙን አጠቆረች። ሠርታ ስታይ ግን በሽታው አምሯል። ጥቁሩ ደም ሐር መስሏል፤ የተበጣጠሰው ክር ነፋስ እንደነካው ዘርፍ ይወዛወዛል። አጠፋችና እንደገና ሞከረች፤ እንደገና አማረ። የታመመ ነገር ሥላ አታውቅም። የታመመ አይሸጥምና ሣዪ ያላት የለም፣ እጇም አልተማረውም።

ከኋላዋ ያለፈች ባልደረባዋ፣ ፍኖት የምትባለው፣ ቆም ብላ አየች። «ውይ እንዴት ደስ ይላል! ለአዲስ መድኃኒት ነው?»

«አይደለም» አለች ማስተዋል። ሌላም ነገር ገባት። ይሄንን ብትልክ ጤነኛውን ሁሉ ታማለህ ልትለው ነው። ያንን ደግሞ እሷ አታውቅም። በዚያ ሁሉ ሰው ጎን ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ለማታውቀው ነገር የሚሆን ሥዕል አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም መሣል አያስፈልግም።

ክሩን፣ ብርሃኑን፣ ውኃውን፣ ያቺን የተሳሳተች ክር ሳይቀር አንድ ላይ አጠፋችው። በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ የምትወደው እሱን ነበር። ባዶውን ሥራ ልካ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ጠዋት ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የአባቷ ነጠላ ጫማ መሬት ለመሬት ሲጎተት ያሰማው ድምፅ ነው። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ አዳመጠች። በሩ ጋ ደረሰ። መብራቱን አበራ። ሁልጊዜ የሚላት «ተመስገን» አልተባለችም። ልነሣ ወይስ ልቆይ እያለች ጠራት።

«ማስቲ።»

ሮጠች። አባቷ በሁለት እጁ የእጅ መታጠቢያውን ይዞ ቆሟል። መስታወቱ ውስጥ ፊቱ ከእብጠቱ የተነሣ ዓይኑ ሊዘጋ የደረሰ፣ መልኩ አመድ የመሰለ፣ ጢሙ እዚህም እዚያም የቀረበት ሽማግሌ አለ።

«ይሄ ማነው?»

«አንተ ነህ አባዬ።»

እጁን ዘርግቶ መስታወቱን ነካ፣ ከዚያ ጉንጩን ነካ። «መቼ ነው እንዲህ የሆንኩት?» አለ። ቀጥሎም «አንቺ ነሽ ያጠፋሽው?»

«እኔ ነኝ።»

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ቁጣ ፊቱ ላይ መጥቶ ነበር፤ መስታወቱ ውስጥ ሲመጣ ራሱም አየው፣ ያበጠውን ፊት የባሰ ሲያከፋው አየው፣ ተወው። «ነይ ደግፊኝ» አላት። «ጫማውን ተይው፣ አይገባም። እንሂድ።»

ሰፈሩ በሩን ከፍቶ ወጥቷል። ፎጣ ትከሻው ላይ የጣለ፣ አንገቱ ላይ ሳሙና የደረቀበት፣ የሌሊት ልብሱ ላይ ኮት የደረበ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ማንም ማንንም ውስጥህ እንዴት አደረ አላለም። አንዲት ሴት የሚያልፈውን ሁሉ እያስቆመች ፊቷን ወደ ብርሃኑ ታዞራለች። «እስቲ እዩኝ፣ ቢጫ ነኝ? እውነቱን ንገሩኝ፣ ቢጫ ነኝ?» ማስተዋል ቀና ብላ ልታያት አልደፈረችም። የሠራችውን ገና አሁን ነው በዓይኗ ያየችው፤ ፈራች። አባቷን ግን አለቀቀችውም።

ባዶ ምስል ምርመራ ይጠይቃል የሚል ደንብ ነበር። ከመቆያው በፊት የወጣ ደንብ ነው፤ ማንም ያስታወሰው ስላልነበረ ማንም አልሻረውም። ላቦራቶሪው ደም መቀበል ጀምሯል። ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱን ይዟል። ዶክተር ያፌት ሰልፉ መሃል ነበር። ነጭ ጋዋኑን ለብሷል፣ ግራ እጅጌውን እስከ ክንዱ ጠቅልሏል።

ማስተዋልን ሲያይ «የእኔም ባዶ ነው» አላት። ከዚያ ዓይኑ አባቷ ላይ አረፈና ሐኪምነቱ ተመለሰለት። ከሰልፉ ወጥቶ አቶ ኢዮስያስን ደግፎ ወደ ውስጥ አስገባ፣ ደሙን በገዛ እጁ ቀዳ። ውጤቱ ሲመጣ አላድበሰበሰም። «አባባ፣ ኩላሊቶችዎ ሥራ ሊያቆሙ ትንሽ ነው የቀራቸው። ባይመጡ ኖሮ ይሄን ሳምንት የሚያልፉት አይመስለኝም ነበር። አሁኑኑ እጥበት እንጀምራለን።»

«እተርፋለሁ?»

«ዛሬ ስለመጡ፣ ይመስለኛል።»

ማስተዋል ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ስልኳ ሲጮኽ ወይዘሮ ሶልያና ናቸው። ድምፃቸው ተዘግቷል፤ ከንጋት ጀምሮ ሲናገሩ የቆዩ ይመስላል። «አሁኑኑ መልሺው። ሰው እያበደ ነው።»

«አልመልሰውም።»

«እንግዲያው ስምሽ ከቤቱ ተፍቋል። ሌላ ሰው ይሠራዋል፤ እየተሠራም ነው።»

እንደ እርማት ጎሕ እስኪቀድ ይጠብቃል ብላ አስባ ነበር፤ አዲስ ሥራ ግን አይጠብቅም። ቀትር ላይ የሐኪም ቤቱ መስታወቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ በሩ። ይሄኛው የሌላ ሰው እጅ ነው፤ ሐይቅ ሰማያዊ፣ የሚያርፍ፣ የሚያስተኛ። እሷ ከሠራችው ይበልጣል፤ ሠዓሊ ናትና ይሄን አልሸሸገችም። ውጭ ጩኸት ተሰማ፣ ጩኸቱ ሳቅ ሆነ። ስልኩ ላይ ምስሉን ያየ ለሌላው ያሳያል፣ ሰው ይተቃቀፋል። «ብልሽት ነበር፣ ተስተካከለ ተባለ!» የሚል ድምፅ ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ሰልፉ ወዲያው ሳሳ። መርፌው ክንዱ ላይ ሊገባ የደረሰ አንድ ሰውዬ ነርሷን አመስግኖ እጁን ሰበሰበ።

አባቷ ከማሽኑ ጋር ተያይዞ ተኝቷል። ደሙ በቱቦው ወጥቶ ይሄዳል፣ በሌላው ቱቦ ተመልሶ ይገባል። ማሽኑ ያጉረመርማል፣ አንዳንዴ ያቃስታል። አባቷ ቱቦውን ልቡ እስኪጠፋ ነው የሚያየው።

«ይሄንንስ ማን ሠራው?» አላት።

«ማንም አልሣለውም አባዬ። ደምህ ነው።»

«አያምርም።»

«አያምርም።»

ዓይኑን ግን አላነሣም።

ዶክተር ያፌት ገባ። ከጠዋት ጀምሮ ሌላውን ሰው እያስቀደመ ለራሱ ተራ አልደረሰውም ነበር። አልጋው ራስጌ ያለው መስታወት ላይ ሰማያዊው ምስል ሲፈስስ አየና ቆመ። ትከሻው ወረደ፣ ትንፋሹን ለቀቀ። «መጣ» አለ ለራሱ። ከዚያ የተጠቀለለውን እጅጌውን ቀስ አድርጎ አወረደ፣ ቁልፉን ቆለፈ።

«ልጄ፣ ደም ሰጠህ?» አለው አባቷ።

«አያስፈልግም አባባ። ተመልሶልኛል፤ ጤነኛ ነኝ።»

«እኔም እኮ ትናንት ጤነኛ ነበርኩ» አለ አቶ ኢዮስያስ።

ዶክተር ያፌት በሽተኛውን አየ፣ መስታወቱን አየ። መስታወቱ ውስጥ የራሱን መልክ የፈለገ ይመስል አንገቱን ወዲህ ወዲያ አለ፤ ሰማያዊው ግን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። በመጨረሻ ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ ወደ ማስተዋል ተጠጋ፣ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረላት።

«እስቲ ፊቴን ይዩልኝ» አላት።

ማስተዋል አየችው። የዓይኖቹን ቆብ አየች፣ ከዓይኖቹ ሥር ያለውን አየች። ገና አፏን ሳትከፍት ዶክተር ያፌት ቁልፉን ፈትቶ እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ።